የአባዬ የኸልዋ ጎረቤቶች

ይድረስ ለወንድሜ ለጠሃ ዑበይዳ
ሙስካት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? እንዴት ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካርቶን ባነሣህ ቁጥር ይወጋሃል? ሙቀቱ ጋብ አለልህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና፣ በእህልና በጭቅጭቅ አለን። እማዬ ትቆጣለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አባዬ ሁለታችንንም ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ትተኸን እንደሄድከው ነን። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የጎረቤታችን የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ሰርካለም ናት። ለጥምቀት መጥታ ነበር፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ ትነሣለች፣ ከዚያ አንተው ወዳለህበት አገር ትሻገራለች። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱን ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ ንገሪኝ አልከኝ። ይህ ባጭሩ የሚነገር ነገር አይደለም፤ አሳጥሬ ብነግርህ ወይ ትደነግጣለህ ወይ ትስቅብኛለህ። አባዬም ስልክ የሰማውን አይዝም፣ በወረቀት ጻፊለት ብለውኛል። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ጠሃ! ከእኛ ገደል በዓለም ላይ ማንም ሰው አይቶት የማያውቅ ቫይረስ ተገኘ! ማንም! ያ ሁሉ ሊቅ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት ዓለም እስከ ዛሬ አልተመዘገበም ነበር። ናሙናውን ከሌሊት ወፍ አፍ በገዛ እጇ የወሰደችው ደግሞ እህትህ ባሲማ ናት፤ ያቺ በልጅነቷ ጉንዳን አይታ የምትጮኸው። አትደንግጥ፣ ማንም አልታመመም። ግን በዚሁ ምክንያት አባዬ ኸልዋቸውን ሊያጡ ነበር፤ ሊያሳጣቸው የነበረውም የእኔ ጥፋት ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ዶክተር ሰብሌ የምትባል ሴት ከሁለት ረዳቶቿ ጋር ከአዲስ አበባ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ሥራዋ የሌሊት ወፍ የሚሸከማቸውን ቫይረሶች እየለየች መመዝገብ ነው። ዋሻ ውስጥ ያለውን ነገር ሰው ላይ ሳይደርስ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል፣ ኮሮና ያስተማረን ይህን ነው አለችን። አገሩንና ሰዉን የሚያውቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስጡኝ ስትል ኃላፊያችን ወደ እኔ ጠቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ የወባ ደምና የሰገራ ናሙና ሳገላብጥ ለኖርኩት ለእኔ ይህ ሠርግ ነበር፤ እግሬ መሬት አልነካ አለ። እማዬ ግን ስትሰማ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የሌሊት ወፍ አፍ ለመክፈት ነው ወይ ብላ ግቢውን አናወጠችው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ደጅ ሳላወልቅና በፈላ ውኃ ሳይዘፈዘፍ ቤት አላስገባ አለችኝ። በዚህ በዚህ ዶክተር ሰብሌም አመስግናታለች።

ዋሻዎቹን ታውቃቸዋለህ፤ ከመንደራችን ሥር ወደ ወለቃ በሚያወርደው ገደል ላይ ያሉት ሁለቱ። ሰፊው የታችኛው፣ ወደ ከላላ ገበያ የሚሻገሩ ባለበቅሎዎች ዝናብ ሲይዛቸው የሚያድሩበት ነው። አፈ ጠባቡ የላይኛው፣ አባዬ የረጀብ ወር በገባ ቁጥር ከሰው ተለይተው አርባ ቀን ለሰላትና ለዒባዳ የሚቀመጡበት ኸልዋቸው ነው። ዘንድሮ ሠላሳ ሁለተኛቸው ነው። ዶክተር ሰብሌን ይዣት ስመጣ አባዬ ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የመጣችበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ደጁ የሁላችን ነው፣ መረባችሁን ዘርጉ፤ ከአፉ ወደ ውስጥ ግን አትለፉብኝ አሏት። እሷም ቃል ገባች። መቼም እኔና አንተም ብንሆን ውስጡን አይተነው አናውቅም፤ በሶና ውኃ ደጁ ላይ አስቀምጠን መመለስ ነበር ድርሻችን።

መኪናው አፋፉ ላይ ቀረ። ዕቃውን ያወረደልን አለምነው ነው፣ ያ ሁለት በቅሎ ያለው የከላላ ሰው። መንገዱን ሙሉ ሲያስቀን ወረደ። የሌሊት ወፍ እኮ የወፎች ግብር ሲመጣ አይጥ ነኝ፣ የአይጦች ግብር ሲመጣ ወፍ ነኝ እያለች ስትሸሽ የኖረች ናት፤ ዛሬ ገና ከመንግሥት ሰው እጅ ወደቀች ይላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከፀጉር የቀጠነ መረብ ደጁ ላይ ተዘረጋ። አባዬ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። ከዋሻው ውስጥ መጀመሪያ ሹክሹክታ መጣ፣ ከዚያ ወጡ! መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ አላውቅም። የመጀመሪያዋን በድርብ ጓንት ያዝኳት። ጠሃ፣ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ጆሮዋ ከፊቷ ይሰፋል፣ ልቧ ሲመታ በጓንቱ በኩል ይሰማኛል። ጥጥ በተጠቀለለባት ቀጭን እንጨት አፏን ጠረግ አደረግኩ፣ እንጨቷን ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፣ ቁጥር ጻፍኩ፣ ለቀቅኳት። ዕድሜ ልኬን ስፈራት የኖርኩት ፍጥረት አሳዘነችኝ። በማግሥቱ የታችኛው ዋሻ ላይ ደገምን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ፊታቸው ቡችላ የሚመስል ትልልቆች ናቸው፣ ሾላና ዋንዛ የሚበሉ። አንደኛው ጓንቴን ነክሶ አልለቅም ብሎ ዶክተር ሰብሌ በልመና አስለቀቀችው።

ብልቃጦቹ የሚደረደሩበት ሣጥን ክፍልፍል ነው፤ መሃሉ ላይ ለሁለት የሚከፍለው መስመር አለው። የላይኛውን ዋሻ በመጀመሪያው ግማሽ፣ የታችኛውን በሁለተኛው ግማሽ በተራ ደርድሪ ተብዬ ደረደርኩ። አቀበቱን ስንወጣ ከሣጥኑ ጋር የተጫነው የአልኮል ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ፈሰሰና ብልቃጦቹ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር አብዛኛውን አጠበው። ከአዲስ አበባ ደውለው ሲነግሩኝ ይቅርታ ጠየቅኩ። እነሱ ግን አደራደሩ ካልተዛባ ችግር የለም፣ በሣጥኑ ተራ እንሄዳለን ብለው አጽናኑኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ ሳይዛነፍ በተራ ነው የደረደርኩት አልኩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሁለት ገጽ ውጤት ተላከ። ዶክተር ሰብሌ በዚያ ሰሞን ለሌላ ጥናት ባሌ ወርዳ ስለነበር ወረቀቱን ያዘጋጀው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ፣ ዋሻዎቻችንን ያላየ ባለሙያ ነው። ከስድስት የሌሊት ወፎች የኮሮና ዘመድ የሆነ፣ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ግን የተለየ ቫይረስ ተገኝቷል ይላል። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እልል አልኩ! ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ምጥ የገባች ሴት የተገላገለች መስሏቸው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር አነበብኩ። የተገኘው ከላይኛው ዋሻ ነው። ወደ ሰው ይተላለፍ አይተላለፍ ገና ስላልታወቀ ጥናቱ እስኪቀጥል ማንም እዚያ እንዳያድር፣ ከታችኛው ዋሻ ግን ምንም አልተገኘም ይላል። ደስታዬ አፌ ላይ ደረቀ።

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ማን ያንብበው? አንዳንዱ በርበሬ አጥነን እንጨርሳቸው አለ። ጭሱ በየቤታችሁ ነው የሚበትናቸው ብዬ ተሟገትኩ። በመጨረሻ አባዬ ተነሡ። ቤቱ የነሱ ነው፣ እንግዳው እኔ ነኝ፤ እንግዳ ይወጣል እንጂ ባለቤት አይታጠንም አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት ወርደው መስገጃቸውን፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውንና የቁርኣን ማስቀመጫቸውን ይዘው ወጡ። ቤት ገብተው ጥግ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ምግባቸው ግማሽ፣ ንግግራቸው ሩብ ሆነ። አንተ ስትደውል ደኅና ነኝ ያሉህ እንዳታስብ ብለው ነው። እማዬ እንኳን ጭቅጭቋን ትታ፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ስንት ረጀብ ይቀራቸዋል ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። ድሮ፣ ገደል መውረዱ ይቅርባቸውና በግቢያችን ክፍል ይሠራላቸው ያልከውንም አስታወስኳቸው፤ እግዜር ይስጠው በሉት ብቻ አሉ።

አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጠሩኝና፣ እስቲ ያስወጣኝን ወረቀት እስከ መጨረሻው ድረስ ተርጉሚልኝ አሉ። ሁለተኛውን ገጽ እኔም በቅጡ አላየሁትም ነበር፤ የመጀመሪያው ናላዬን አዙሮት ነበራ። እየተረጎምኩ ሄድኩና፣ የላይኛው ዋሻ ናሙናዎች በዘረ መል ሲመረመሩ ፍሬ በል የሚባሉት ትልልቆቹ ሆነው ተገኝተዋል ከሚለው ስደርስ አባዬ እጃቸውን አነሡ። ልጄ፣ ይህን የጻፈው ሰው የኔን ጎረቤቶች አያውቃቸውም አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥራቸው ስቀመጥ አንዲት የሾላ ዘር መስገጃዬ ላይ ወድቃ አላየሁም፤ የሚወድቀው የእሳት እራት ክንፍ ነው፤ ደግሞስ ምናቸው ትልቅ ነው አሉ። እኔ በእጄ የያዝኳቸው፣ ከአውራ ጣቴ ጋር ያስተያየኋቸው፣ አላስተዋልኩም! ከሥራቸው የተቀመጡት አባዬ አስተዋሉ።

ሮጬ ጓዳ ገባሁ። አንድ እፍኝ ሽንብራ አመጣሁና ሰፌድ ላይ መሃል ለመሃል ክር ዘርግቼ እንደዚያን ዕለት ልደረድር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋን ሽንብራ ስይዝ እጄ ሳላዝዘው ወደ ቀኝ ሄደ። ከቀኝ ወደ ግራ ደረደርኩ! ክፉኛ ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ወንበሬ ላይ ብሆን ኖሮ እንደ ሰው ከግራ እጀምር ነበር። ግን በዚያ ምሽት አባዬ ከወዲያ ቁርኣን ይቀራሉ፣ እኔም ሳላውቀው ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሆና ዓመታት የቁርኣን ሉህ ላይ ከቀኝ መጻፍ የጀመረች እጅ፣ ያን ድምፅ እየሰማች መጀመሪያ ስትባል ሌላ የት ትሄዳለች? አዲስ አበባ ያሉት ሣጥኑን ከግራ ቆጠሩት፤ የታችኛው ዋሻ ቫይረስ የላይኛው ሆኖ ተጻፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትታዘበኝ። ያን ምሽት ዝም ልል አስቤ ነበር። ዶክተር ሰብሌ አዲስ አበባ ወስዳ ለስድስት ወር ልታሠለጥነኝ ቃል ገብታልኛለች፤ ብልቃጥ መደርደር የማታውቅ ሴት ማን ያሠለጥናል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ግን አባዬ ጥግ ላይ ያስቀመጡትን መስገጃ ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። ደግሞ የታችኛው ንጹሕ ነው ስለተባለ አለምነውና ጓደኞቹ ጭራሽ ድርቆሽ ወስደው መኝታ እያዘጋጁ ነበር። በማግሥቱ አለምነውን ጠርቼ ጉዳዩ እስኪጣራ ሁለቱም ዋሻ ይቅር አልኩት። ከዚያ ለዶክተር ሰብሌ መደወል ጀመርኩ፤ ያለችበት መስመር የለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩ።

በዐሥረኛው ቀን አነሣች። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ በእንዲህ ያለ ስሕተት የሰው ሕይወት ይጠፋል፣ እርግጠኛ ሳትሆኚ እርግጠኛ ነኝ አትበይ አለችኝ። አለቀስኩ። ለምን ከቀኝ ጀመርሽ ስትለኝ የሉሁን ነገር፣ የአባዬንም ቅራት ነገርኳት።  መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል ለካ እየሳቀች ኖሯል። እኔ ስልኩን ሳልዘጋ አባዬ ስጪኝ አሉ። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፣ እጇን ያስለመድኳት እኔ ነኝ፣ ቅጣት ካለ እኩል አካፍሉን አሏት። ጠሃ፣ አባዬ የኔን ጥፋት በአደባባይ ሲካፈሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዶክተር ሰብሌ የእያንዳንዱን የሌሊት ወፍ ዓይነት በማስታወሻ ደብተሯ መዝግባ ኖሯል። አዲስ አበባ ተመልሳ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያየቻቸው፣ ዘረ መሉንም እንደገና አስመረመረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ባለፈው ሰኞ ደወለችልኝ። ስድስቱም የታችኛው ዋሻ ትልልቆቹ ናቸው! በአባዬ ጎረቤቶች ላይ አልተገኘም። ግን አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም አለችኝ፤ ስለዚህ አባዬ ይግቡ፣ ሲገቡ ግን ማስክ ያድርጉ፣ ውኃና ምግባቸውን ይክደኑ፣ ኩሱን በደረቁ አይጥረጉ፣ ከወፎቹ ሥርም አይቀመጡ። ባለበቅሎዎቹ ከታችኛው ዋሻ ወጥተው ቀበሌው አፋፉ ላይ በቆርቆሮ መጠለያ ሊሠራላቸው ነው። አለምነው አልዋጥ ብሎት፣ ሃያ ዓመት አድሬበት አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰኝም፤ እሺ ይሁን፣ ግን ለበቅሎዎቼም ማስክ ይሰጠኝ አለ። እኔም አልቀረሁም! ለየካቲት መጀመሪያ ነይ ተብያለሁ፤ በሚወጣው ጥናት ላይም ስሜ ይገባል። በዓለም ሁሉ የሚነበብ ወረቀት ላይ ባሲማ ዑበይዳ ተብሎ ሲጻፍ ይታይህ! ቅጣቴ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከእንግዲህ በየሣጥኑ ክዳን ላይ መነሻውን የሚያሳይ ቀስት የምሥለው እኔ ነኝ።

ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ አባዬ ጠሩኝ። ከነገ ወዲያ ረጀብ ይገባል፣ ቀድመሽ ገብተሽ እይልኝ አሉኝ። ወደ ውስጥ ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅኳቸው። ወደ ውስጥ አሉ። ሁለታችንም ማስክ አድርገን ወረድን፤ ከጥምጥማቸው ሥር ዓይናቸው ብቻ ሲታይ ሳቄ መጣብኝ። ባትሪዬን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ ከኋላቸው ገባሁ። ውስጡ ደረቅ ነው፣ ይበርዳል። ወደ ጥልቁ ስንደርስ ወለሉ ላይ ሦስት ቦታ ድንጋዩ ለስልሶ ያብለጨልጫል፤ ሁለቱ ጉልበታቸው የሚያርፍበት፣ አንዱ ግንባራቸው። ሠላሳ አንድ ረጀብ። እንባዬ ማስኩን አረጠበው። ቀና ብል ከዚያው በላይ ጣራው በወፎቹ ጥቁር ብሏል፤ ኩሱም ከዚያው ዙሪያ ወለሉ ላይ ተከምሯል።

አባዬ፣ እዚህ አይሆንም አልኳቸው።  የሚሉኝን ሁሉ ለመመለስ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቦታውን ጥቂት አዩት፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነኩት፣ ከዚያ የት ይሁን አሉኝ። ወደ አፉ ቀረብ ያለ፣ ጣራው ንጹሕ የሆነ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥግ አሳየኋቸው። መስገጃቸውን ራሳቸው አነጠፉት። ወደ ቂብላው፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አስተካከሉትና ሁለት ረከዓ ሰገዱ። በሕይወቴ አባዬን የት እንደሚቀመጡ ስነግራቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሲያሰላምቱ ልወጣ ብድግ አልኩ። ወዴት ነው፣ አንቺም ስገጂ አሉኝ። ነጠላዬን ከኋላቸው አነጠፍኩ። ከእሳቸው በቀር ማንም ገብቶበት በማያውቀው ኸልዋ፣ ወፎቹ ወደ ውስጥ ተኝተው፣ እኔና አባዬ አብረን ቆምን።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ እማዬ ፈትሂያ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ ከሰርካለም ጋር የላከችልህን በሶ ለጓደኞችህ ሳታካፍል እንዳትበላ፣ ወገብህንም በትኩስ ውኃ እንድትይዘው ብላለች። አባዬ በአርባው ቀን ሁሉ ዱዓ ስምህ አይቀርም ብለዋል። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ልጄን እንደ እህትህ እያት ብላ አደራ ሰጥታሃለች። አለምነው የዐረብ አገር በቅሎ ስንት ነው ብለህ ጠይቅልኝ ይልሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ከነስማቸው ሰላም በልልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ባሲማ ዑበይዳ
ቦረና፣ መካነ ሰላም
ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.